ዓይን ያለው ድንጋይ

(ባሕር ዳር ውስጥ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሰፈር ሰዎች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት እየተቻለ ስለ ድንጋይ ልትሰሙ መምጣታችሁ የሚገርም ነው። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አትፍሩ፣ ጥያቄ አልጠይቃችሁም።

ከአንድ አንበሳ ልጀምር።

ልጅ ሆኜ በምናልፍበት መንገድ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን ልተወው። ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ አንበሳ ቆሟል። መጀመሪያ ሲሠራ ጥሩ አንበሳ ነበር። ጎፈሩ በጭረት በጭረት ተለይቷል፣ ጥርሱ ይቆጠራል፣ ዓይኑ ጎድጎድ ብሎ ያያችኋል። ታዲያ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ ይቀባል። በዘይት ቀለም። ቢጫ። የአምናው ሳይፋቅ የዘንድሮው በላዩ ላይ ይለሰናል። መጀመሪያ የጎፈሩ ጭረት ጠፋ። ቀጥሎ ጥርሱ ከከንፈሩ ጋር ተጣበቀ። በመጨረሻ ዓይኑ ተደፈነ። አንበሳው በየዓመቱ ይወፍር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የተኛ በግ መስሎ አገኘሁት። (እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ።)

ማንም በክፋት አላደረገውም። ያከበሩት መስሏቸው ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። እኔ ግን ከዚያ አንበሳ የተማርኩትን እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ። ቅርጽ ማለት ጉድጓድና ጉብታ ነው። ብርሃን ጉብታው ላይ ያርፋል፣ ጥላ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ጉድጓዱን በቀለም ከሞላችሁት አንበሳውን አሳወራችሁት።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። ሐውልት የሚለው ቃላችን ሸክሙ ብዙ ነው። መቃብር ላይ የሚቆመው ድንጋይ ሐውልት ነው። አደባባይ ላይ የሚቆመው ምስልም ሐውልት ነው። የአክሱሙም ሐውልት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ለከተማችን ሐውልት እናቁም» ሲል ሐሳባችን ቀጥ ብሎ ወደ ሞተ ሰው ይሄዳል። «የማን?» ነው የምንለው። «የምን?» ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ከዚያ የማን በሚለው ስንጨቃጨቅ ዓመት ያልፋል።

የሞቱትን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ በዚህ ጠብ የለኝም። አባይ ዳር የቆመውን የሰማዕታት ሐውልት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የተሠራ ነው። ከፍ ያለ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ከሥሩ ሆነው ሲያዩት አንገት ያማል። ለመታሰቢያ ይህ ልክ ነው። መታሰቢያ ሰውን ዝም ማሰኘት አለበት። ግን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ብታቆሙት የሚያየው የድንጋይ ግድግዳና ሰማይ ነው። ቶሎ ይሰለችና ወደ ውኃው ይሮጣል። አልፈርድበትም። ከሱ ቁመት ጋር የሚገጥም ነገር አልተቀመጠለትማ።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ያያችሁ ካላችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል። ረጅም ዓምድ ነው። አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ዩጎዝላቮች ናቸው የሠሩት። ከመኪና ውስጥ የሚያየው ሰው ዓምዱን ብቻ አይቶ ያልፋል። በእግሩ የሚዞረው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ከታች ዙሪያውን የነሐስ ምስል አለ። በ1929 የካቲት 12 ቀን ፋሺስቶች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረጉት ግድያ ነው የተቀረጸው። የወደቀውን ታያላችሁ፣ የሚያለቅሰውን ታያላችሁ። እየዞራችሁ ታነቡታላችሁ። ዓምዱ ከሩቅ ይጠራል፤ የሚያወራችሁ ግን የታችኛው ነው። እኔ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ስዞረው አጠገቤ አንድ አባት ለልጅ ልጃቸው እያስረዱ ነበር። ጆሮዬን ጥዬ አብሬ ዞርኩ። የታሪክ መምህሬ በአንድ ክፍለ ጊዜ የነገረን ያን ያህል በልቤ አልቀረም። መምህሬ ይቅር ይበለኝ።

ሐውልት ኃይል እንዳለው ከእኛ በፊት ያወቁት ጠላቶቻችን ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የአፄ ምኒልክን ሐውልት ዝም ብሎ አላለፈውም፤ አወረደው። የይሁዳ አንበሳን ጭኖ ሮም ወሰደው። የአክሱምን ሐውልትም እንዲሁ። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፉን የመዘዘው ያን አንበሳ በባዕድ አገር ቆሞ ሲያይ ነው ተብሎ ይተረካል። የአክሱሙ እስከ 1997 ድረስ አልተመለሰም። ተመልሶም በቦታው የቆመው በ2000 ነው። ሌኒን ደግሞ አለላችሁ። አዲስ አበባ የነበረው ሐውልቱ በ1983 ግንቦት ተገነደሰ። ካርል ማርክስ ግን እስከ ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ አለ፣ የነካው የለም። አንዳንዴ ሳስበው፣ ለምን እንደቆመ የሚያስታውስ ሰው ስላነሰ የዳነ ይመስለኛል።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ዘጌ ሄዳችሁ የምታውቁ እጅ አውጡ። ጥሩ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው መቅደሱን ከላይ እስከ ታች የከበበውን ሥዕል አይረሳም። ሠዓሊዎቹ ለማን እንደሚሥሉ ያውቁ ነበር። አብዛኛው ምእመን ፊደል አልቆጠረም። ግዕዙማ ጭራሽ። ስለዚህ ግድግዳውን መጽሐፍ አደረጉት። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል። ክፉው በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ የተነገረው ሕፃን ከዚያ ወዲያ ረዳት አይፈልግም። ማን ማን እንደሆነ ራሱ ይለያል። በላዔ ሰብ ጋ ሲደርስ ይቆማል። «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚበላው?» ይላል። እናቱ ትነግረዋለች። ሰው በላ እንደነበር፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው የተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ እንደዳነ። ትምህርቱ የተጀመረው ልጁ ሲጠይቅ ነው። ሠዓሊው የሠራው ጥያቄውን ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል የነበረው አገር ቅርጹን ለምን ተወ? አንደኛው ምክንያት ጣዖት የሚለው ፍርሃት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳን ይሣላሉ እንጂ በድንጋይ ተቀርጸው አይቆሙም። ላሊበላ፣ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ፤ ስማቸው የሚነሳው ብርቅ ስለሆኑ ነው። የሙስሊም ወንድሞቻችን ጥንቃቄ ከዚህም የጠነከረ ነው። ይህን ማክበር ይገባል። እኔም ዛሬ የቅዱሳን ሐውልት ላስቀርጽ አልመጣሁም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የራሳችን ጥፋት ነው። በእጁ የሚሠራን ሰው ንቀናል። ማረሻውን የሚያበጅልንን ቀጥቃጭ ብለን፣ ድስቱን የምትሠራልንን ቡዳ ብለን። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን አልቆመም። አሁንም ልጄ ቅርጻ ቅርጽ ልማር አለኝ ብሎ እንደታመመ ሰው የሚነግረኝ ወላጅ አለ። «ሌላ ትምህርት አይመጣለትም?» ይለኛል።

(መብራት የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ማይኩም አብሮ ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለውን በጩኸት ነው የተናገርኩት።)

እሺ፣ ይሰማል? ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

አያቴ ወፍጮ ነበራት። ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ከታች ወፍጮው፣ ከላይ መጁ። ሲፈጭ ሲፈጭ ይለሰልስና እህሉን አልይዝ ይላል። ያን ጊዜ አያቴ መጁን ወደ ጎን ታደርግና ወፍጮውን ትወቅረዋለች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አንድ ቦታ ደጋግማ አትመታም። በመስመር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ፊቱ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ሞላ። እጇን ታስኬድበታለች፤ ያልተነካ ቦታ ካለ በመዳፏ ታውቀዋለች። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ በመሮና በመዶሻ ድንጋይ ስጀምር መምህሩ ያሳዩን አመታት ያው የአያቴ ነበር። በመስመር ሂድ፣ በመዳፍህ አረጋግጥ።

ላሊበላን «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» እንለዋለን አይደል? ግሱን እዩት። ወቀረ። ለወፍጮውም ለላሊበላም አንድ ግስ ነው ያለን። በየጓዳው የነበረች ሴት ሁሉ ወቃሪ ነበረች። ቀራጺ ብሎ የጠራት ሰው ስለሌለ ነው እንጂ። እዚሁ ጣና ዳር ደግሞ ነገደ ወይጦዎች አሉ። ደንገሉን አስረው ታንኳ የሚያደርጉትን ታውቃላችሁ። ወፍጮ ድንጋይ ጠርቦ ማውጣትም የቆየ ሙያቸው ነው። ስለዚህ «ቀራጺ ከየት እናምጣ?» ሲባል እኔ ትንሽ ይከፋኛል።

ድንጋዩስ? ድንጋዩማ ከተማዋ የተቀመጠችበት ነው። ይህ አጥር የምናጥርበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከመሬት ውስጥ እንደ ገንፎ ፈልቶ የወጣ ነው። በጥንት ዘመን በደቡብ በኩል ፈሶ የውኃውን መውጫ ዘጋው። ውኃው ወደ ኋላ ተጠራቀመ። ጣና ለመፈጠሩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አባይ ጢስ እያለ የሚወርድበት ገደልም የዚሁ ድንጋይ ነው። ልጆች ወንፊት መስሎ የተበሳሳውን ድንጋይ እያነሱ «ቲቸር፣ ምን በላው?» ይሉኛል። «እንጀራ ለምን ዓይን አለው?» እላቸዋለሁ። «ሲቦካ አየር ስላለበት።» «ምጣዱ ላይ ምን ይሆናል?» «አየሩ ይወጣል፣ ቦታው ይቀራል።» በቃ፣ ድንጋዩም እንዲሁ ነው። ትኩስ ሆኖ ሲፈስ ውስጡ ጋዝ ነበረበት፣ ሲቀዘቅዝ ዓይኑ ቀረ። ከዚህ ድንጋይ የተሠራ ቅርጽ ምንም ይሁን ምን፣ ገና ሳይቀረጽ ስለ ጣና አንድ ነገር ተናግሯል።

ባዛልት ክፉ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። መሮ ይበላል፣ ክንድ ያደክማል። የላሊበላ ድንጋይ ከዚህ ይለሰልሳል። ግን ክረምታችንን ይችላል። በአርማታ የሚሠራውን አይተናል። ውስጡ ፌሮ አለው። እርጥበቱ በስንጥቅ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ደግሞ ያብጣል። ያበጠው ብረት ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ የጀግናው ክርን ወድቆ ሽቦው ይወጣል። ነሐስ ጥሩ ነው፤ ውድ ነው እንጂ። ውድ ብቻም አይደለም፣ ጠዋት ስትነሱ ቆራሌው ወስዶት ልታገኙት ትችላላችሁ። (ሳቅ።)

ነሐስ ካነሳን ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ጎጃም ቁጭ ብዬ ይህን ብዘል የቅኔ መምህራን ይታዘቡኛል። ነሐስ እንዴት ይቀረጻል? መጀመሪያ ምስሉ በሰም ይሠራል። በሰሙ ላይ ጭቃ ይለበጣል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ይደረጋል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳ ይወጣል። ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ሰም የነበረው ነሐስ ሆኖ ይገኛል። ወርቅ ሠሪዎቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ይህንኑ ነው። ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስም የመጣው ከነሱ ምድጃ ነው። ባለ ቅኔውን አክብረን፣ ስሙን ያዋሰውን አንጥረኛ ሰደብን። ጉድ እኮ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን ትላላችሁ? እኔ ያሰብኩት ዓሣ ነው።

አትሳቁ። ጣና ውስጥ ባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ ወደ 17 ዓይነት ይሆናል። ከእነዚህ 15 ያህሉ ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ሁሉም ከአንድ ዘር የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። የሚለያዩት በዋናነት በአፋቸው ነው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው። ሌላ ዓሣ የሚበሉት ደግሞ አፋቸው ሰፊ፣ ሰውነታቸው ረዘም ያለ ነው። የአንዱ አፍ ወደ ታች ያያል፣ የአንዱ ወደ ላይ። አፉን አይታችሁ ምግቡን መገመት ትችላላችሁ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዓሣ ጉላሽ እንላለን፣ ዓሣ ኮተሌት እንላለን፣ እንበላለን፣ እንሄዳለን።

እንግዲህ 17 ዓሣ በጥቁር ድንጋይ። በሐይቁ ዳር፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ በተወሰነ ርቀት አንዳንድ። መቆሚያቸው ከጉልበት ከፍ አይበል። ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይክተት። ይቀመጥበት። ሰልፊ ይነሳበት፣ ግድ የለም። ሰው የነካው ድንጋይ ይወዛል፣ ያምራል። አጥር አይኑረው። ቀለም ደግሞ በምንም ተአምር አይቀባ! አጠገቡ የዓሣውን ስምና የሚበላውን የሚናገር ሁለት መስመር ይጻፍ፣ በአማርኛ። ከዓሣዎቹ በኋላ ሻላ ቢመጣ፣ ጉማሬ ቢመጣ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል። እሱን ያን ጊዜ እናያለን።

ስለ መንካት ይህን ያህል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነበረኝ። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ውጭ ይቀመጥ ነበር። ምን ያድርግ? አንድ ቀን ጓደኞቹ የሰው ጭንቅላት በሸክላ አፈር ሠርተው ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። ና ዳስሳቸው አልኩት። እጁን ታጥቦ ቀስ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። አንዱ ጋ ቆመ። ጉንጩን ነካ፣ ከዓይኑ በታች ነካ። «ቲቸር፣ ይሄኛው ደክሞታል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው፣ የደከመ ሰው ፊት ነበር። እኔ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ እየተመላለስኩ አላየሁትም። ከተማችን ውስጥ እንደሱ ያሉ ብዙ ልጆች አሉ። አንገት አቅንቶ የሚታየው ሐውልት ለነሱ ምናቸው ነው?

(ንግግሩ እዚህ አበቃ። ጥያቄዎቹን ከማስታወሻዬ ነው የጻፍኳቸው።)

አንድ ጋሼ ተነሱና «ኑሮው እንዲህ ተወዶ፣ የዳቦው ነገር እያለ ለዓሣ ቅርጽ ገንዘብ ይወጣል ወይ?» አሉ። ጭብጨባም አገኙ። ጥያቄው ልክ ነው አልኳቸው። ዳቦና ቅርጽ ቢቀርብልኝ እኔም ዳቦውን ነው የማነሳው። ነገር ግን አደባባይ ሲሠራ፣ መናፈሻ ሲሠራ ድንጋይ መገዛቱ አይቀርም። ከሚገዛው ድንጋይ ላይ አንዱን ለአንድ ወጣት ስጡትና ይቅረጸው። 17ቱ በአንድ ዓመት ይለቁ አላልኩም። በዓመት አንድ ይበቃል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማታቸው ይሁን መገረማቸው አልገባኝም።

አንድ ወጣት «የጀግኖቻችንስ?» አለ፣ ቆጣ ብሎ። ይቁሙ አልኩት። ግን ከመቆማቸው በፊት ፊታቸውን የሚመስል የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል። ጀግናውን በማይመስለው ፊት ማቆም ስድብ ነው። በዓሣ እጁን ያልፈታ ቀራጺ በጀግና ፊት ላይ ባይለማመድ ይሻላል።

በመጨረሻ ከጥግ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተነሱ። ጥያቄ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ወፍጮ አለ» አሉ። «የእናቴ ነው። አሁን በር ላይ ጫማ እናወልቅበታለን። መውቀር ግን አልረሳሁም። ልጆቹን ይዘህ ከመጣህ አሳያቸዋለሁ።»

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጣጥረናል። የምንገናኘው እዚሁ አዳራሽ በር ላይ ነው። መዶሻ ያለው መዶሻውን ይዞ ይምጣ። ለዓይን መከላከያ የሚሆን መነጽር እኔ አመጣለሁ።